ቤት ሊያዩ የመጡ ለቀስተኞች

ሴትየዋ ሽንት ቤት ብላ ገብታ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች።

ፀሐይወርቅ ሳሎን ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና ሰማቻት። ቧንቧው እንደ ልማዱ አንዴ አጓራና ውሃው ወረደ፤ ቆመ። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱ ወረደ፤ እሱም ቆመ። እጇን ለመታጠብ ሁለት ቧንቧ ምን ያደርግላታል እያለች ቀና ስትል ሴትየዋ ከኮሪደሩ ብቅ አለች። ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ኮርኒሱን እያየች ነበር የምትራመደው። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መነጽሯን ቶሎ አወረደች።

"እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ። ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው" ብላ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

"ማናት?" አለች ፀሐይወርቅ።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? የአባትሽን ወዳጅ ማን ጨርሶ ያውቀዋል!" አሉ እትዬ ጤናዬ። ግንብ ለግንብ የሚዋሰኑ ጎረቤት ናቸው። ከትናንቱ ቀብር ጀምሮ የእድሩን ሴቶች እያዘዙ፣ ንፍሮ እያስቀቀሉ፣ ፀሐይወርቅን በግድ እያጎረሱ እዚሁ ውለው እዚሁ አድረዋል።

እውነታቸውን ነው። አባቷ ከበበው ደላላ ነበር። የላፍቶን ቤት ግማሹን እሱ ሳያሻሽጠው አልቀረም። ሰፈሩ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ መንገድ ዳር ጃንጥላ ስር ተቀምጦ ሻጭን ከገዢ፣ አከራይን ከተከራይ ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የማታውቀው ሰው ሲበዛባት ፀሐይወርቅን አልደነቃትም፤ ኮራች እንጂ። ዛሬም ድንኳኑ ጢም ሲል ኮራች። ለቅሶ ደራሽ እንደሆነ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። የገባ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ግቢውን በካሜራና በውሻ በሚያስጠብቅበት በዚህ ከተማ፣ በሩ ለማንም ወለል ብሎ የሚውል ቤት ቢኖር ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

ሙሴን ትናንት ከቀብር ሲመለሱ መኪና ውስጥ ይዛው ነበር። ወንድሟን ታውቀዋለች። ለቡ የጀመረው ቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ብረቱ ዝጓል። ከነሚስቱ ከነልጆቹ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ነው የሚኖረው። የአባቱ ቤት ዓይኑ ላይ እንዳለ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

"ሦስት ቀን ስጠኝ" አለችው። "ሠልስቱ እስኪወጣ ስለ ቤቱ አንድም ነገር እንዳይነሳ። ከዚያ በኋላ ያሰኘህን አምጣ፣ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። እነዚህ ሦስት ቀኖች ግን የአባባ ናቸው። ተውለት።"

"እንዴ ፀሐይ፣ ምን ነካሽ?" አለ ሙሴ፤ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። "እኔስ አባቴ አይደለም? እሺ አልኩ እኮ።"

አመነችው። ወንድም አይደለ፣ አመነችው።

ቤቱ የመሸጡ ነገር እንኳ አዲስ አልነበረም። የተናገረው ራሱ ከበበው ነው፤ ሆስፒታሉ እዚህ የምናደርግለት ነገር የለም ብሎ ወደ ቤት ከመለሰው በኋላ። ሁለቱንም ጠርቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው።

"ሽጡትና ተካፈሉ። እንዳትጣሉበት። ደላላ ግን እንዳታስገቡ።"

ሙሴን ሳቅ አመለጠው። "አባባ! ከደላላ አፍ ነው ይሄ የሚወጣው?"

"ደላላ ስለሆንኩ ነው የምነግርህ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ በሹክሹክታ ተጨቃጨቁ። ሙሴ ያለ ደላላ ቤት መሸጥ ጊዜ መግደል ነው ባይ ነው። በር ላይ ወረቀት ትለጥፊያለሽ፣ የሰፈሩ ሥራ ፈት ሁሉ እየመጣ ያይልሻል፣ ዋጋ ጠይቆ ላሽ ይላል፤ ደላላ ግን ገዢውን ያውቀዋል፣ አበጥሮ ያመጣልሻል፣ ካርታውንም ውሉንም እሱ ይሯሯጥልሻል አላት። ፀሐይወርቅ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የደላላ ምሳ ስትቋጥር ያደገች ናት። ደላላ ከሻጭ ጋር ሲሆን የሻጭ፣ ከገዢ ጋር ሲሆን የገዢ፣ ብቻውን ሲሆን የራሱ እንደሆነ ታውቃለች።

"እኔ ራሴ እሸጠዋለሁ" አለች። "ገዢ ሲመጣ በር ከፍቼ አስገባዋለሁ። ጉድለቱን እነግረዋለሁ፣ ዋጋዬን እነግረዋለሁ። ያዋጣኛል ያለ ይገዛል።"

"ጉድለቱን?" ሙሴ ዓይኑ ፈጠጠ። "አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ጉድለቱን ነግሮ ቤት የሸጠ ሰው በየት አገር ታውቂያለሽ?"

"አባባ አታስገቡ ካለ አላስገባም። አለቀ።"

አባቷ ለኮሚሽኑ ተጨንቆ መስሏት ነበር። ልጆቼ ከሚያገኟት ላይ ማንም አይቆንጥርባቸው ማለቱ ነው ብላ ለራሷ ተርጉማ አስቀምጣዋለች።

እትዬ ጤናዬ ወደ ጓሮ ወጡ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ፀሐይወርቅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ እጇን እየሰጠች ድንኳኑን በመስኮት ታያለች። አባቷም እንዲህ ነበር። ለቅሶ አይቀርም። ከልጅነቷ ከምታስታውሰው ነገር ሁሉ የሚበዛው ድንኳን ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ አምስት ዓመቷ ነበር። ሙሴ ትምህርት ቤት ይውላል፣ እሷን የሚይዛት ሰው የለም፤ ስለዚህ ከበበው በሄደበት ሁሉ አንጠልጥሏት ይሄዳል። መካኒሳ ሰው ሞተ ይሄዳሉ፣ ቆሬ ሰው ሞተ ይሄዳሉ። ድንኳን ውስጥ ከጎኑ ትቀመጣለች። ሴቶቹ እናት የሌላት መሆኗን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠው ዳቦ ይሰጧታል። ሲመለሱ ቦምቦሊኖ ይገዛላትና መንገዱን በሙሉ ያስለፈልፋታል። "እስቲ የኔ ንብ፣ ዛሬ ምን ምን አየሽ?" ይላታል። የዓለም አባቶች ሁሉ የሞተ ወዳጅ እንዲህ የሚበዛባቸው ይመስላት ነበር። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም፣ ሰው ስለ አባቷ ሲጠይቃት መጀመሪያ የምትናገረው ይህንኑ ነው። የሰው ሐዘን የማይቀር ሰው።

"አንቺ!" እትዬ ጤናዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ከጓሮ ገቡ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። "ያቺ ባለ መነጽር ምን እንደጠየቀችኝ ታውቂያለሽ? ንፍሮ እየሰጠኋት! 'እማማ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በስንት ጊዜው ነው የሚመጠጠው?' አለችኝ።"

"ምን?"

"ጉድጓዱ! ነፍስ ይማር ሳትል ስለ ጉድጓዱ! እኔ መቼም የምትለው ጠፍቷት ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ከዚያ ልጄ ሚካል ከሥራ ቦታዋ ይሄን ላከችልኝ።" ስልካቸውን ከጡት መያዣቸው ስር አውጥተው ዘረጉላት። "እማዬ ይሄ የእነ ፀሐይ ቤት አይደል እንዴ አለችኝ። እስቲ አንቺ እዪው፣ የኔ ዓይን ደከመ።"

የነሱ ቤት ነበር። ቴሌግራም ላይ። አረንጓዴው በር፣ ከበበው ራሱ ያስነጠፈው ንጣፍ ድንጋይ፣ የሳሎኑ መስኮት። በግራ ጥግ የድንኳኑ ሸራና አንዱ ላይ አንዱ የተደራረበ የእድር ወንበር ይታያል፤ ያነሳው ሰው ቆርጦ ለማውጣት እንኳ አልተጨነቀም። ስሩ ላይ "ላፍቶ፤ በአስቸኳይ የሚሸጥ ቪላ፤ ካርታ ያለው፤ ባለቤቶቹ ለድርድር ዝግጁ ናቸው፤ ዛሬውኑ መጥተው ይዩ" ይላል። ስልክ ቁጥሩን ማንበብ አላስፈለጋትም። በቃሏ ታውቀዋለች። የጋሽ ኢሉ ነው፤ አባቷ ከታመመ ጀምሮ በየቀኑ የደወለችበት ቁጥር።

ጋሽ ኢሉ የአባቷ የዕድሜ ልክ ባልደረባ ናቸው። አንድ ጃንጥላ ስር ተቀምጠው ነው ያረጁት። ትናንት ሳጥኑን ከፊት ተሸክመው ያለቀሱት ልቅሶ ሰው ሁሉ ያወራለት ነበር።

ፀሐይወርቅ ስልኩን እንደያዘች ተነሳች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ለእንግዳ አይነሳም፤ እሷ ግን ተነስታ በረንዳው ላይ ቆመች።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ጠዋት ያየችውን ሰው ሁሉ አሁን በሌላ ዓይን አየችው። አንዱ ሰውዬ ግንቡን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርጋል። አንዲት ወይዘሮ ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትገባ ለባሏ በአገጯ ታሳየዋለች። አንድ ሽማግሌ አለ፣ ከበሩ እስከ ሰርቪስ ቤቱ በረጃጅሙ እየተራመደ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ። ጠዋት ዳዊት የሚደግም መስሏት አንጀቷን በልቷት ነበር። ለካ ግቢውን እየለካ ነው! ደሟ ፈላ። ወንበር አቅርቡላቸው ብላ እኮ ነበር።

ሙሴን ከድንኳኑ ጀርባ፣ የእድሩ ድስት ከተጣደበት አለፍ ብሎ አገኘችው። ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነችው።

"ቃልህስ?"

ሙሴ አየና መሬት መሬት አየ። "እኔ ስለ ቤቱ አንድም ነገር አላነሳሁም።"

"ምን አልክ?"

"እንዳይነሳ አልሽኝ፣ አላነሳሁም። ጋሽ ኢሉ ናቸው... በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ጊዜ የለም አሉኝ። ሠልስቱ ካለፈ ደግሞ አንቺ አይሆንም ብለሽ በር ላይ ወረቀትሽን ልትለጥፊ ነው። ፀሐይ፣ በናትሽ፣ ሰዎቹ አዩ እንጂ ምን አደረጉሽ? ለቅሶው እኮ አልተቋረጠም።"

"ስንቱ ነው?"

"ምኑ?"

"እዚያ ውስጥ ካለው ሰው ስንቱ ነው ለአባባ የመጣው?"

ሙሴ ፊቱን ወደ ድስቱ አዞረ። ጥፊ ብታቀምሰው ደስ ባላት። እጇ ግን ስልክ ይዟል፣ ስልኩም የእትዬ ጤናዬ ነው።

"ያለ እኔ ፊርማ የዚህን ቤት አንድ በር አትሸጣትም" አለችው። "ይሄን እዚያ ላሉት ጓደኞችህ ንገራቸው።"

ወደ ድንኳኑ አፍ ሄደች። ምን እንደምትል ታውቅ ነበር። ቤት ሊያይ የመጣ ሁሉ ተነስቶ ይውጣልኝ፣ እዚህ ሰው ሞቷል! ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ጤናዬ ክንዷን ቀጨም አድርገው ያዟት።

"ተይ። ከለቅሶ ሰው አይባረርም።"

"ለቅሶ ነው ይሄ? ገበያ ነው!"

"ይሁን። ግን ቆጣ ቆጣ ሳትዪ አንዴ ዞር ዞር ብለሽ እዪ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እነዚህ ከወጡ ማን ይቀርልሻል?"

አየች። የእድሩ ሊቀመንበር አለ፤ እሱ ግዴታው ነው። ከገጠር የመጡ የአባቷ ወንድምና ሚስታቸው አሉ። የሰፈሩ ጥቂት ሽማግሌዎች፣ ጥጉን የያዙ ደላሎች። የቀረው ሁሉ የማታውቀው ፊት ነው። ካስወጣቻቸው ድንኳኑ ባዶውን ይቀራል፤ የእድሩ ወንበሮች ጥርሳቸውን አግጥጠው ይውላሉ። ሰው ሲያገናኝ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ሠልስቱ ሳይደርስ ከጎኑ ሰው ሊያጣ ነው። ፀሐይወርቅ አፏን ዘጋች። ንዴቱ ግን አልተዘጋም፤ መሄጃ አጥቶ ደረቷ ላይ ቁጭ አለ።

ጋሽ ኢሉ በራሳቸው ጊዜ መጡ። ሙሴ ነግሯቸዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው በረንዳው ስር ቆሙ።

"ልጄ፣ ተቆጥተሻል አሉኝ።"

"ትናንት ሬሳውን ተሸክመሃል" አለች ፀሐይወርቅ። ዕድሜዋን በሙሉ አንቱ ስትል የኖረችውን ሰው አንተ ስትል ድምፏ ንቅንቅ አላለም። "በአንድ እጅህ ሳጥኑን ይዘህ በሌላው ፎቶ አነሳህ? አታፍርም? አባቴ ደላላ አታስገቡ ብሎ ነው የሞተው። አንተን ማለቱ ኖሯል!"

ጋሽ ኢሉ ስድቡን ቆመው ጠጡት። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል።

"ልክ ነሽ" አሉ። "እኔን ማለቱ ነው። ግን ይሄን ሥራ ማን ያስተማረኝ ይመስልሻል?"

"ምኑን?"

"ለቅሶ መግባቱን። ከበበው ነው። 'ኢሉ፣ መንገድ ዳር ተጎልተህ ገዢ አትጠብቅ፣ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ጆሮህን ጣል' ይለኝ ነበር። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ያንን ቤት ይዘው አይዘልቁም፤ ቀድሞ የገባው ደላላ ይይዘዋል። እኛ ስንገባ ዓይን ይበላናል። ምን ፈለጉ ይሉናል። እሱን ግን ማንም ጠርጥሮት አያውቅም። እናት የሌላትን ልጅ እጇን ይዞ የሚገባን ሰው ማን ይጠረጥራል?"

ጋሽ ኢሉ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ሽንቴ መጣ ብለሽ ወደ ውስጥ የምትገቢው አንቺ ነበርሽ። የቤቱ ሴቶች ራሳቸው እጅሽን ይዘው ክፍል ለክፍል ያሳልፉሻል። 'የኔ ልጅ ዓይኗ ከሜትር ይበልጣል' ይል ነበር። ልወቅሰው አይደለም ልጄ። ምን ያድርግ? እንጀራ ነው። ሁለት ልጅ ብቻውን አሳድጓል። እኔም እሱ እንዳሳየኝ አደረግኩ፤ ምናልባት ደስ ይለዋል ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር።"

"ፎቶውን አጥፋው" አለች። ሌላ የምትለው አልመጣላትም። ጋሽ ኢሉ ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን መፈለግ ሲጀምሩ ጥላቸው ገባች።

በኮሪደሩ ወደ አባቷ ክፍል አመራች። ትዝ ይላታል። አባቷ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ "ሽንትሽ አልመጣም?" የሚላት። ባይመጣም መጣ ትላለች፤ እሱ ደስ ይለዋላ። ሃና ማርያም አካባቢ አንድ ቤት ነበር። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ፍራሽ ላይ ሆና ጠርታ አቀፈቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችላት፣ "እናቴ፣ እኔና አንቺ አንድ ነን" አለቻት። ፀሐይወርቅ ከእቅፏ ወጥታ ሽንት ቤት ሄደች። ስትመለስ ቦምቦሊኖዋን እየበላች የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን ለአባቷ ነገረችው። እሱ ሳቀና ጉንጯን ሳማት። ብዙም ሳይቆይ በዚያ ሲያልፉ ሴትየዋ መንገድ ዳር ቆማ ፍራሿን አይሱዙ ላይ ስታስጭን አየቻት። የት ልትሄድ ነው ብትለው "ቤት ቀየረች" አላት። የስንጥቁን ወሬ ይዞ ስንት አስወርዶባት ይሆን? ያቺ ሴት አቅፋት ነበር። አቅፋት!

የአባቷን ክፍል ከፍታ ገባች። አልጋው ከነብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

"አታፍርም?" አለችው አልጋውን። "እኔን? በእኔ?"

ያለቀሰች መሰላት፤ አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ነበር። ዕድሜ ልኳን የኮራችበት ነገር ሥራው ነበር። የሰው ሐዘን አይቀርም ያለችው ሰው በሰው ሐዘን ሲነግድ ነው የኖረው፣ እሷን በእጁ ይዞ። ፊቱን ለምን ወደ ግድግዳ እንዳዞረም አሁን ገባት። የጨነቀው ኮሚሽኑ አልነበረም። ማን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቧንቧ እንደሚከፍቱ፣ ግንብ እንደሚያንኳኩ፣ የእሱን ስም ሳይጠይቁ ንፍሮውን ዘግነው እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። ፈርቶ ነው። ሌላውን ሰው ሁሉ ያደረገውን እሱን እንዳያደርጉት ፈርቶ ለልጆቹ ግማሹን ብቻ ተናገረ፤ ሌላው አሳፈረው።

"እንኳን ፈራህ" አለች። "እሰይ! ደግ አደረጉህ!"

ከአፏ የወጣውን መልሳ አልዋጠችውም።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ወጣት ሴት አንገቷን አስገባች፤ ከኋላዋ ባሏ ይሁን እጮኛዋ አንድ ወጣት ቆሟል። ከጂንስ ሱሪዋ በላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች፤ ጥለቱ እንደ በዓል ወደ ታች ወርዷል።

"ውይ፣ ይቅርታ! ሽንት ቤት መስሎን ነው።"

"አይደለም" አለች ፀሐይወርቅ። "ግቡ።"

ተያዩ። ገቡ።

"ይሄ ትልቁ መኝታ ክፍል ነው። እዚያ ጥግ ጋ ክረምት ያፈሳል፤ ኮርኒሱ ስለተቀባ አይታይም። ውሃ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ጠዋት መጥቶ ቧንቧ የከፈተ ገዢ በከንቱ ይደሰታል። ከጀርባ ያለው ጎረቤት ፎቅ ሊጀምር ነው፣ ይቺ ፀሐይ የዚህ ዓመት ብቻ ናት። ሌላስ ምን ልንገራችሁ? ደላላ የማይነግራችሁን ሁሉ እኔ ጋ አለ። ቤቱን የምሸጠው እኔ ነኝ፣ ከማንም ጋር አትነጋገሩ። ዛሬ ግን አልሸጥም፤ ነገም አልሸጥም።"

"ይቅርታ እህቴ" አለ ወጣቱ ወደ በሩ እያፈገፈገ። "እኛ ቤተሰቡ ፈቅዷል ተብለን ነው የመጣነው። በቃ እንሄዳለን።"

"የት ነው የምትሄዱት?" ድምፏ ሳታስበው ጮኸ። "ለቅሶ ብላችሁ አይደለም የገባችሁት? በሩ ላይ ነፍስ ይማር ብላችሁ አይደለም ያለፋችሁት? እንግዲያው አልቅሱ! የሞተው ሰው ከበበው ይባላል። እዚህ አልጋ ላይ ነው የሞተው። ደላላ ነበር። እናት ሆኖ አሳደገኝ። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ቤት እያሸጠ ነው ያሳደገኝ፤ እሱን ዛሬ ነው የሰማሁት። አንጀቴ እስኪቃጠል ነው የተናደድኩበት። ቢሆንም ባዶ ድንኳን አይገባውም። አይገባውም!"

የልጅቷን የእጅ አንጓ ይዛ ወጣች። ልጅቷ አልታገለቻትም። ሳሎን ስትደርስ ፍራሹ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ ወጣቱም ቆሞ ግራ ሲገባው ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፏ በመስኮቱ ወጥቶ ድንኳኑ ደርሷል። ግቢውን ሲለካ የነበረው ሽማግሌ እርምጃውን አቋርጦ አንድ አግዳሚ ላይ አረፍ አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ሙሴ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረም። እትዬ ጤናዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ በጓሮው በር ቆመው ያያሉ።

ልጅቷ ጭኗ ላይ እጇን አጣጠፈች። እዚህ ቤት ምን እንደሚባል የምታውቀውን ሁሉ እየፈለገች ይመስላል። ከዚያ ድምፏን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ፀሐይወርቅ ሳታይ ጠየቀች።

"ታመው ነበር?"

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ፀሐይወርቅ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ቆይቷል ታሞ፣ ጉበቱ ነው፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፣ እኔ ነበርኩ አጠገቡ፤ ልትል የፈለገችው ብዙ ነበር።

እጇን ዘርግታ ነጠላውን ከልጅቷ ትከሻ ላይ አነሳችው። ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቀዘቀችላትና ጫፉን አንገቷ ስር ቀስ ብላ ሸጎጠችላት።